ከፈረቃ ወደ ሙሉ ቀን በሚሸጋገር ትምህርት ቤት የተሾመ ርዕሰ መምህር ከየት ይጀምር?

ሰሌዳ_ጠራጊ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ርዕሰ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ ፕሮግራም የምታወጡም ሁሉ ብትሳተፉበት ደስ ይለኛል። ምክትል የነበረ ሰው ርዕሰ መምህር ሆኖ ሲሾምና ሹመቱ ትምህርት ቤቱ ከሁለት ፈረቃ ወደ ሙሉ ቀን ከሚሸጋገርበት ጊዜ ጋር ሲገጥም መጀመሪያ የሚይዘው ምንድን ነው?

መረጃው ይህ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል፣ 2,000 ተማሪ፣ 40 ሴክሽን (አብሮ የሚማር የተማሪ ምድብ)። 9ኛና 10ኛ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት፣ 11ኛና 12ኛ ስምንት ስምንት ሴክሽን አላቸው፤ በእያንዳንዱ 50 ተማሪ። መማሪያ ክፍሉ 20 ነበር፣ 13 ተጨምሮ 33 ሆኗል። መምህራን 50። በፈረቃ በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ሲሆን በሙሉ ቀን 7 ይሆናል፣ ሁሉም 40 ደቂቃ። ስለ ለውጥ አመራር በአዳራሽ የሚሰጠውን ሥልጠና አይደለም የምጠይቀው፤ ትምህርት ሲከፈት በሩ ላይ፣ ክፍል ውስጥና ስታፍ ክፍል ውስጥ የሚያጋጥመውን ነው።

ባለ_ድልድል፦
ሁሉም ከክፍል ቁጥር ይነሳል። በ33 ክፍል 40 ሴክሽን ባንዴ ሙሉ ቀን አይገባም፤ ስለዚህ ለተወሰኑ ዓመታት ሁለቱ አሠራር ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሙሉ ቀን የሚማር ሴክሽን አንድ ክፍል ለብቻው ይይዛል፣ የፈረቃ ሴክሽኖች ግን ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ክፍል ይጋራሉ። እንግዲህ ያሉህን ክፍሎች በሁለት አባዛና የሴክሽኖችህን ቁጥር ቀንስ፤ የሚቀረው ሙሉ ቀን ልታስገባ የምትችለው የሴክሽን ብዛት ነው።

33ቱን ሁሉ ግን አትቁጠር፣ አንዱን ለመጠባበቂያ ተው። ጣሪያ ሲያፈስ ወይም ፈተና ሲባዛ ባዶ ክፍል በድንገት ይፈለጋል። 32 በሁለት ሲባዛ 64፣ 40 ሲቀነስ 24 ይቀራል። 9ኛና 10ኛ በድምሩ 24 ስለሆኑ ልክ ይገጥማሉ። የቀሩት 16 ሴክሽኖች በ8 ክፍል ይፈራረቃሉ።

አንድን የክፍል ደረጃ ለሁለት እንዳትከፍል። ከ10ኛ ክፍል ግማሹ ሙሉ ቀን ግማሹ ፈረቃ ከሆነ መምህሩ አንዱን ሴክሽን በሳምንት 6፣ ሌላውን 5 ክፍለ ጊዜ አስተምሮ በአንድ የፈተና ወረቀት ሊፈትናቸው ነው። የወላጅ አቤቱታም ከዚያው ይጀምራል፤ ማን የት እንደተመደበ ሲታይ «በዘመድ ነው» መባሉ አይቀርም።

ፍላስክ፦
በስሌቱ እስማማለሁ፣ በምርጫው ግን አልስማማም። ከ11ኛና ከ12ኛ መጀመር ይሻላል። እነሱ 16 ሴክሽን ናቸው፤ 16 ክፍል ይይዛሉ፣ የቀሩት 24 በ12 ክፍል ይፈራረቃሉ፤ በድምሩ 28 ነው። ከመጠባበቂያው ሌላ አራት ክፍል ይተርፋል። በፈረቃ ጊዜ የእቃ ግምጃ ቤት ሆኖ የኖረው ቤተ ሙከራ የሚከፈተው ያኔ ነው። በ40 ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛው ተጠርጎ፣ ቢከሩ (የሙከራ ብርጭቆው) ታጥቦ፣ 50 ተማሪ ሙከራ ሠርቶ ሊወጣ አይችልም፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተያይዞ በሳምንት አንዴ መገኘት አለበት። ይህን ደግሞ ሰባተኛ ክፍለ ጊዜ የሌለው ፈረቃ አይችለውም።

ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ለርዕሰ መምህሩም ልምምድ ነው። በ800 ተማሪ የተፈጠረ ስህተት በ1,200 ከተፈጠረው ይልቅ ቶሎ ይታረማል።

እሸት_መምህርት፦
@ፍላስክ ክፍት ክፍል ማግኘቱ ጥሩ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የጎደለው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ12ኛ መጽሐፍ አይደለም፤ ክፍልፋይ፣ ቀላል እኩልታ፣ አንድ ገጽ አንብቦ መረዳት ነው። ያንን በፈተናው ዓመት በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ጨምሮ ማካካስ ከባድ ነው። ዘጠነኛ ላይ የተጨመረ ጊዜ አራት ዓመት ይሠራል።

ከ11ኛና 12ኛ መጀመር ግድ ከሆነ፣ ትርፍ ከሆኑት አራት ክፍሎች ሁለቱን ለ9ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ስጧቸው። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ለ9ኛ ክፍል ሁሉ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባለው ይዘት ላይ 20 ጥያቄ ያለው የሒሳብ መለያ ፈተና ይሰጥ። ውጤቱ ሮስተር (የተማሪ ውጤት መዝገብ) ላይ አይግባ። ከ8 በታች ያመጡት ከፈረቃቸው ውጭ ባለው ግማሽ ቀን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከ25 በማይበልጥ ቡድን ይማሩ። ከ25 ከበለጠ ተራ ክፍል ይሆናል፤ ደብተር እየዞሩ ማየት አይቻልም።

ምዝግብ_ቤት፦
የመምህር ቁጥር ላይ ማንም አልመጣም፣ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ግን እዚህ ጋ ነው። ዛሬ 40 ሴክሽን በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ፣ 1,200 ክፍለ ጊዜ ነው። ለ50 መምህር ሲካፈል አማካዩ 24 ይሆናል። 16ቱ ሴክሽኖች ወደ 35 ሲያድጉ ጠቅላላው 1,280 ይደርሳል። በ24 ሲካፈል 53 ከምናምን ስለሚሆን 54 መምህር ይፈለጋል፤ አራት ሰው ጎደለ ማለት ነው።

አማካዩን ይዛችሁ ለበላይ ጽሕፈት ቤት አትጻፉ፤ በየትምህርቱ ለያይታችሁ አሳዩ። ሒሳብን ውሰዱ። በፈረቃ ለአንድ ሴክሽን በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ከሆነ ለ40ው 200 ነው፤ 8 የሒሳብ መምህራን ካሉ ለእያንዳንዱ 25። ሙሉ ቀን የገቡት 16 ሴክሽኖች 6 ሲሆንላቸው 216 ይሆናል፣ ለእያንዳንዱ 27። በዚያው ትምህርት ቤት 18 ክፍለ ጊዜ ብቻ ያለው የሌላ ትምህርት መምህር ይኖራል። «የመምህር እጥረት አለ» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይገባል። «የሒሳብ መምህር አንድ፣ የእንግሊዝኛ አንድ፤ ስሌቱ ተያይዟል» የሚል ደብዳቤ ግን መልስ ያስፈልገዋል።

የዲፓርትመንት ኃላፊዎችንም አትርሱ። ለውጡን ክፍል ድረስ የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። 24 ክፍለ ጊዜ ለሚያስተምር ሰው የባልደረቦቹን ክፍል ጎብኝ፣ የፈተና ጥያቄ ገምግም፣ አዲስ መምህር አሠልጥን ማለት ፊርማ መሰብሰብ ነው የሚሆነው። ለስምንት ዲፓርትመንት ኃላፊዎች ስድስት ስድስት ክፍለ ጊዜ ቢቀነስ 48 ነው፣ ማለትም ሁለት ተጨማሪ መምህር። ከአራቱ ጋር ስድስት ጠይቁ። ስድስቱ ባይሟሉ እንኳ ቢያንስ ከሦስቱ ትልልቅ ዲፓርትመንቶች ኃላፊዎች ላይ ቀንሱ።

ሰሌዳ_ጠራጊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከ11ኛና 12ኛ መጀመሩ፣ ለ9ኛ ደግሞ ማጠናከሪያ መስጠቱ አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የቀኑ ሰዓት አደላደልስ? ሙሉ ቀንና ፈረቃ በአንድ ግቢ እንዴት ይገናኛሉ?

ባለ_ድልድል፦
በደቂቃ እንየው። የጠዋት ፈረቃ 2 ሰዓት ይገባል፤ ስድስት ክፍለ ጊዜ 240 ደቂቃ፣ ዕረፍት 15፣ 6 ሰዓት ከ15 ይወጣል። የከሰዓቱ 6 ሰዓት ተኩል ይገባል። ብዙ ሰው የሙሉ ቀኑን ፕሮግራም ሲያወጣ ጠዋት አምስት፣ ከሰዓት ሁለት ክፍለ ጊዜ ያደርጋል። ያኔ የምሳው ሰዓት ከ5 ሰዓት ከ35 እስከ 6 ሰዓት ከ35 ይሆናል። በሩ ላይ ምን እንደሚፈጠር ተመልከት፦ 600 የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ሲወጣ፣ 600 የከሰዓት ሲገባ፣ 800 የሙሉ ቀን ከምሳ ሲመለስ፣ ሁሉም በሃያ ደቂቃ ውስጥ በአንድ በር። ጥበቃው መታወቂያ ማየት ያቆማል፣ አምስተኛው ቀን ላይ ማን የማን ፈረቃ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ጠዋት አራት፣ ከሰዓት ሦስት አድርገው። ከ2 ሰዓት ጀምሮ አራት ክፍለ ጊዜና ዕረፍቱ 175 ደቂቃ ነው፤ 4 ሰዓት ከ55 ለምሳ ይወጣሉ፣ 5 ሰዓት ከ55 ይመለሳሉ፣ ፈረቃው ሳይወጣ ክፍላቸው ገብተዋል። ማብቂያው በሁለቱም አማራጭ 7 ሰዓት ከ55 ነው፣ የሚለወጥ ነገር የለም። ምሳው ማልዷል የሚል ካለ መግቢያውን 2 ሰዓት ከ15 አድርጎ ምሳውን ወደ 45 ደቂቃ ማሳጠር ይቻላል፤ መመለሻው ያው 5 ሰዓት ከ55 ይሆናል። 45 ደቂቃ ግን ቤቱ ርቆ ለምሳ ለሚሄድ ተማሪ አይበቃም። ስም ጠሪ መምህራን ስንቱ ቤት ሄዶ እንደሚበላ፣ ስንቱ ግቢ እንደሚቆይ ቀድመው ይጠይቁ፤ ውሳኔው ከዚያ ይምጣ።

ሌላው፣ ሒሳብንና ቋንቋን ሁሉ ጠዋት አደርጋለሁ የሚል አለ። አይሆንም። በሳምንት የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ 20 ብቻ ነው። ስድስት ስድስት ክፍለ ጊዜ ያላቸው አራት ትምህርቶች 24 ይሆናሉ። ከእያንዳንዱ አምስቱን ጠዋት፣ አንዱን ከሰዓት ብታደርግ እንኳ ጠዋቱ ሙሉ በሙሉ በእነሱ ይያዝና ስፖርት በጠራራ ፀሐይ ይወድቃል። ለእያንዳንዳቸው አራት ጠዋት፣ ሁለት ከሰዓት ብትል የተሻለ ነው። የመጨረሻዋ ክፍለ ጊዜም በየቀኑ ለአንድ ትምህርት አትሰጥ።

ንጹህ_ግቢ፦
ስለ መጸዳጃ ቤት ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያስቀመጠው መመሪያ ለ25 ሴቶች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መቀመጫና የሽንት መሽኛ፣ ውሃ ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ነው። በፈረቃ ጊዜ ባንዴ ግቢው ውስጥ 1,000 ተማሪ ነበረ፤ አሁን 800 እና 600፣ በድምሩ 1,400 ይሆናል። ግማሹ ሴቶች ቢሆኑ ለሴቶች 20 የነበረው ፍላጎት 28፣ ለወንዶች 10 የነበረው 14 ይደርሳል። ውሃው ለ2,000 ተማሪ ብቻ በቀን 10,000 ሊትር ነው፤ ታንከሩ 5,000 ከሆነ ከእኩለ ቀን በፊት ያልቃል።

ግቢው ያለው ለሴቶች 12 መቀመጫ ነው እንበል። አንዷ በአማካይ አንድ ደቂቃ ተኩል ብትቆይ በ15 ደቂቃ ዕረፍት 120 ልጆች ብቻ ይስተናገዳሉ። ሴቶቹ 700 ናቸው። የተቀሩት በትምህርት ሰዓት እያስፈቀዱ ይወጣሉ፣ ወይም ውሃ መጠጣት ይተዋሉ፣ ወይም በወር አበባቸው ቀን ከምሳ በኋላ አይመለሱም። መምህሩ «ዲሲፕሊን ላላ» ይላል፣ ችግሩ ግን የመቀመጫ ቁጥር ነው። አዲስ እስኪሠራ የፈረቃውንና የሙሉ ቀኑን ዕረፍት በአንድ ክፍለ ጊዜ ማራራቅ ወረፋውን ያቀልላል። የአንዱ ብሎክ ጫጫታ ሌላውን እንዳይረብሽ ሁለቱን በተለያየ ብሎክ መድቧቸው።

ማስታወሻ፦
ወደ ሰዎቹ እንምጣ። «መምህራን ለውጥ ይቃወማሉ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። በፈረቃ የሚሠራ መምህር ግማሽ ቀን አለው፤ በዚያ ግማሽ ቀን ያስጠናል፣ ሁለተኛ ዲግሪ ይማራል፣ ልጅ ይጠብቃል፣ አቅመ ደካማ ወላጅ ያስታምማል። ሙሉ ቀን ሲባል ይህ ሁሉ ይነካል። በስብሰባ ላይ ተነስቶ «ገቢዬ ይቀንሳል» የሚል ሰው ስለማይኖር «የተማሪው አቅም አይፈቅድም» ተብሎ ይነገራል። ርዕሰ መምህሩ ለዚያ ለተነገረው መልስ እየሰጠ ይከርማል።

መፍትሔው መምህራኑን በየዲፓርትመንታቸው፣ ስድስት ሰባት ሆነው ማነጋገር ነው። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ከሰዓት የማይቻልህ ቀን የትኛው ነው? ለምን?» መልሱን ፕሮግራም አውጪው ይያዘው። ለእያንዳንዱ መምህር በሳምንት አንድ ከሰዓት ነጻ ማድረግ በአብዛኛው ይቻላል፤ ለሁሉም ሁለት ማድረግ አይቻልም፣ ይህንንም በግልጽ መናገር ነው። ፕሮግራሙ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ቀድሞ ይታወቅ።

አንድ የማይጣስ ደንብ ደግሞ ይኑር። ሙሉ ቀን የሚያስተምር መምህር የከሰዓት ፈረቃ ላይ አይመደብ። ከተመደበ ከ2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከ45 ግቢ ውስጥ ነው፤ በመሀል አምስት ባዶ ክፍለ ጊዜ ቢኖረውም የሚሄድበት የለም። መደረብ ግድ ከሆነ ከጠዋቱ ፈረቃ ጋር ብቻ ይደረብ።

ሰሌዳ_ጠራጊ፦
@ማስታወሻ ይህ በጣም ጠቅሞኛል። ርዕሰ መምህሩ ራሱስ? ቀኑን እንዴት ይከፋፍለው? ማስተማር ይኖርበታል ወይስ ይተው?

ደወል፦
ከዚህ በፊት አንድ ነገር ይታሰብ። ይህ ሁሉ ግንባታ፣ ቅጥርና ስብሰባ ለአንድ ሴክሽን የሚያስገኘው በቀን 40 ደቂቃ፣ በሳምንት 200 ደቂቃ ነው። በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ እየዘገየ ቢጀመር በሳምንት 100 ደቂቃ ይጠፋል፤ የለውጡ ግማሽ ተበላ። ይህ የሚጠፋው ደግሞ በታወቀ ቦታ ነው፦ ከዕረፍት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜና ከምሳ በኋላ ባለው። የርዕሰ መምህሩ ቀን በእነዚህ ሁለት ደወሎች ዙሪያ ይሠራ። ደወሉ ሲደወል ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ኮሪደር ላይ ይገኝ፤ ለመቆጣጠርም ሳይሆን፣ ጠመኔ የጎደለው ለማን እንደሆነ፣ ቁልፍ የያዘው ማን እንደሆነ የሚታየው እዚያ ስለሆነ ነው።

ክፍል ጉብኝትን በተመለከተ፣ ቅጽ ሞልቶ ከመቶ ነጥብ መስጠቱ ለሥራ አፈጻጸም ይቆይ። ለለውጡ የሚጠቅመው አጭር ጉብኝት ነው፦ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት፣ በሳምንት 15። ሃምሳውም መምህራን በአራተኛው ሳምንት ውስጥ ይታያሉ። ከኋላ ተቀምጦ መምህሩን ሳይሆን ደብተሮቹን ማየት። አምስት ደብተር አንሳ፤ ዛሬ ተማሪው ራሱ የሠራው ስንት ጥያቄ አለ? ከሰሌዳ የተገለበጠ ብቻ ከሆነ 40 ደቂቃ መጨመሩ የሚገለበጠውን ከማብዛት ያለፈ ጥቅም የለውም። ያየኸውን በዚያው ቀን ለመምህሩ ንገረው፣ አንድ ነገር ብቻ። ሦስት አራት ነጥብ ከዘረዘርክ አንዱንም አይዝልህም።

እሸት_መምህርት፦
የማስተማሩን ነገር በተመለከተ፣ አንድ ሴክሽን ቢይዝ ጥሩ ነው፣ አራት ወይም አምስት ክፍለ ጊዜ። አዲሱ ሰዓት ተማሪውን እንዴት እንደሚያደርገው ከሪፖርት ይልቅ ከሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ይታወቃል። የሒሳብ መምህራንም «እሱ እኮ አያስተምርም» አይሉም።

ምዝግብ_ቤት፦
ይያዝ፣ ግን 12ኛን አይያዝ። ርዕሰ መምህር በድንገት ለስብሰባ ይጠራል፣ ያ ሴክሽን ባዶ ይሆናል፣ ወላጅም ይህን ይቆጥራል። 11ኛ ይያዝ፤ በፕሮግራሙም ላይ የሚተካው መምህር ስም አብሮ ይጻፍ።

አዲስ ለተሾመ ሰው ደግሞ ርክክቡን በጥድፊያ እንዳይፈርም። ማህተም፣ የባንክ ፊርማ ለውጥ፣ የንብረት መዝገብ፣ ያለፉት ዓመታት ሮስተሮች፣ የመምህራን የግል ማኅደር፣ የፈተና ካዝና ቁልፍ ሁሉም በቃለ ጉባኤ ይቆጠሩ። መዝገቡ 1,000 ኮምባይንድ ዴስክ (መቀመጫው ከጠረጴዛው የተያያዘ) ይላል፤ ውጡና ቁጠሩ። ሙሉ ቀን ሲጀመር የዴስክ ፍላጎት ከ20 ክፍል ወደ 28 ይሄዳል፣ ጉድለቱ የዚያን ቀን ይወጣና የተፈረመበት ሰው ይጠየቅበታል።

የተማሪ ቁጥርም እንዲሁ። ሴክሽኑ በመዝገብ 50 ይል ይሆናል። ሰኞና ዓርብ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ስም ሳይጠራ በየክፍሉ ራስ ይቆጠር። በሁለቱም ቀን 42 ከተገኘ ስምንቱ ትተዋል ወይም ሌላ ቦታ ተመዝግበዋል። በዚህ ቁጥር ሴክሽኖቹን ማጠፍ ከተቻለ ክፍልም መምህርም ይገኛል፦ 12 ሴክሽን በ42 ተማሪ 504 ነው፣ 10 ሴክሽን ይሆናል። ከሁለት የታጠፉ ሴክሽኖች 60 ክፍለ ጊዜ ይተርፋል፤ ከሁለት መምህር በላይ ማለት ነው። ይህን ሳያዩ ቅጥር መጠየቅ ኋላ ያሳፍራል።

ማስታወሻ፦
@ምዝግብ_ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ማጠፉ የሚደረገው ከመጀመሪያው ወር በፊት ብቻ ነው። ሴሚስተሩ ከተጋመሰ በኋላ ሴክሽን ማጠፍ ተማሪውን ከመምህሩም ከጓደኛውም ያለያየዋል፤ ተከታታይ ምዘናውም ይዘበራረቃል፤ አንዱ መምህር ከ30 ሲይዝ ሌላው ከ20 ይዞ ይገኛል።

ሰሌዳ_ጠራጊ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ርዕሰ መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ ቢዛወርስ? ብዙ ቦታ ይህ ይሆናል። ሁለተኛው ዓመትስ ምን ይመስላል?

ደወል፦
ሊዛወር እንደሚችል አስቦ ይሥራ። የፕሮግራሙ ፋይል በአንድ ሰው ፍላሽ ላይ ብቻ አይቀመጥ፤ ምክትሉ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ያውጣው። ለእያንዳንዱ ውሳኔ አንድ ገጽ ይኑር፦ ለምን ጠዋት አራት ክፍለ ጊዜ ሆነ፣ ለምን ከሰዓት ፈረቃ ላይ አይደረብም፣ የትኛው መምህር የትኛውን ከሰዓት ጠየቀ። አዲስ የሚመጣው ሰው ይህ ከሌለው በመጀመሪያው ሳምንት ፕሮግራሙን አሻሽላለሁ ብሎ በሩ ላይ ያንን ግፊያ መልሶ ያመጣዋል። ለራሱ የሹመት ሒደትም ቢሆን ይህ ሰነድ ከምስጋና ወረቀት ይበልጣል፤ ሱፐርቫይዘር ለመሆን ሲወዳደር የሚጠየቀው ምን እንደሠራና ምን እንደተለወጠ ነው። የባከነ ክፍለ ጊዜ በወር ስንት እንደነበረና ስንት እንደሆነ፣ የ9ኛ ክፍል መለያ ፈተና በዓመቱ መጨረሻ ሲደገም ከ8 በታች ስንት እንደቀሩ፣ ከምሳ በኋላ የማይመለሱት ስንት እንደሆኑ፤ እነዚህ ሦስቱ ይመዝገቡ።

ባለ_ድልድል፦
ለሁለተኛው ዓመት ያው ስሌት ይሠራል። የተጨመረ አንድ ክፍል ሁለት ሴክሽን ከፈረቃ ያወጣል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ምንም ክፍል ባይጨመር እንኳ ከ32ቱ 28 ብቻ ይዛችኋልና አራቱን ትርፍ ብትጠቀሙ ስምንት ሴክሽን ትጨምራላችሁ። ግን 10ኛ ክፍል 12 ነው፣ ደረጃው አይከፈልም ብለናል። ስለዚህ ስድስት ክፍል ያስፈልጋል፤ አራቱ ካሉ ሁለት ብቻ ማስገንባት ይበቃል። ለበላይ ጽሕፈት ቤቱ «ማስፋፊያ» ከማለት «ሁለት ክፍል፣ 10ኛ ክፍል በሙሉ ሙሉ ቀን ይገባል» ብላችሁ ጻፉ። አራቱ ክፍሎች ሲያዙ ግን የ9ኛ ማጠናከሪያ ክፍል ያጣል። ሙሉ ቀን የሚማሩት 7 ሰዓት ከ55 ስለሚወጡ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ክፍሎቻቸው ባዶ ናቸው፤ የጠዋት ፈረቃዎቹ ወደዚያ ይዙሩ። የከሰዓት ፈረቃዎቹ ደግሞ በመጠባበቂያው ክፍል ጠዋት ጠዋት ይማሩ።